ልጓም የማይይዘው ቁልቁለት

የሚስቴን ወንድም ወድጄው አላውቅም። እሱም አልወደደኝም። ዕድሜ ልካችንን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን የተነጋገርነው መሃላችን ያለችውን እህቱን ላለማስከፋት ነው። እሱ እኔ በሌለሁበት «መጽሐፍ ያዞረው» ይለኛል፤ እኔም ስለ እሱ የማስበውን ለራሴ ይዤ ኖሬያለሁ። አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። ስለ እሱና ስለ ልጁ የሚወራው ግን ግማሹ ውሸት፣ ግማሹ ደግሞ ከውሸት የባሰ ስለሆነ የማውቀውን ልጽፍ ተነሣሁ። ላሞግሰው አይደለም።

ሹፌር ነበር። ከወደቡ ወደ መሀል አገር ተሳቢ እየጎተተ ጋቢና ውስጥ ያረጀ ሰው ነው። ቤቱ ሲመጣ እንግዳ፣ ሲሄድ የሚያስገርመው የሌለ፣ ወንበር ላይ እንኳ ሲቀመጥ ከፊቱ መሪ ያለ ይመስል ሁለት እጁን ወደ ፊት የሚዘረጋ ሰው። የወለደው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ያንንም መኪና አስተምሮ ሹፌር አደረገው። ከዚያ ወዲያ ያስተማረው ሌላ ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም።

ዓይኑ ሲደክም ሐኪም መንጃ ፈቃዱ እንዳይታደስ ጻፈበት። ድርጅቱ አላባረረውም፤ የስምሪት ኃላፊ አድርጎ ቢሮ አስቀመጠው። ቢሮው የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ መስኮቷ ወደ መኪና ማቆሚያው ዞሯል። አንድ የብረት ጠረጴዛ፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ማንም የማያጥበው የግሪስ አሻራ። ሹፌሮቹ «በሩ ሲከፈት ናፍጣ ይሸታል፣ ሲዘጋ እሱ ይሸታል» ይሉ ነበር። እሱም ይህን ሰምቶ በሩን ክፍት ማድረጉን ተወ።

ነገሩ የተጀመረው ባለቤቶቹ በነዳጅ ወጪ ሲማረሩ ነው። ጠርተው እንዲህ አሉት፦ «መኪኖቻችን አውራ ጎዳናው ላይ በስንት ይሂዱ? አንድ ቁጥር ስጠን። በየመኪናው የፍጥነት መገደቢያ እናስገጥምና በዚያ ቁጥር እናሽገዋለን። ከዚያ ወዲያ ሹፌሩ መርገጫውን ወለል ድረስ ቢረግጠው እንኳ ሞተሩ አይሰማውም።»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ሰው ምን ያህል ይበቃዋል በሚል ጥያቄ ላይ ዓመት ሙሉ ስንጨቃጨቅ ከርመን፣ ማናችንም መልስ ሳይኖረን ተመርቀናል። የሚስቴ ወንድም ግን መልሱን በሳምንት ውስጥ ይዞ መጣ። ጭነት የሞላ መኪና አስወጣ፣ የነዳጅ ታንከሩን እስከ አንገቱ አስሞላ፣ እስከ ሐይቁ ድልድይ ደርሶ መልስ በዘጠና አስነዳ፣ የጎደለውን ሞልቶ ለካ። ከዚያ በሰማንያ አምስት። ከዚያ በሰባ አምስት። መኪናው በቆመ ቁጥር እያነከሰ ይወርድና መዳፉን ጎማው ላይ ያሳርፋል። በዘጠና የሄደው ጎማ መዳፍ አያስቀምጥም ነበር። በሰባ አምስት የሄደው ግን፣ እሱ እንዳለው፣ እንደ ተኛ ውሻ ሆድ ለብ ብሏል።

«ከሰማንያ በላይ» አለኝ ቤቴ ሻይ እየጠጣ፣ «ሞተሩ ጭነት አይደለም የሚጎትተው፣ ጋሼ። ንፋስ ነው የሚገፋው። ነዳጁን ለንፋስ ነው የምናጠጣው።»

«ሹፌሮቹስ ምን ይላሉ?»

«ሹፌር ምን ይላል? ሹፌር ይነዳል።»

ይህን ያለው ራሱ ዕድሜውን ሙሉ ሹፌር የነበረ ሰው ነው።

ሰባ አምስት ሆነ። መካኒኩ መገደቢያውን በየመኪናው ገጠመ፣ በእርሳስ ማኅተም አሸገ። ሹፌሮቹ መሣሪያውን «ልጓም» አሉት። ብዙም ሳይቆይ ስሙ ከመሣሪያው ወደ ሰውየው ተዛወረ፤ ልጓም መጣ፣ ልጓም ሄደ፣ ልጓም ዛሬ ፊቱን አልታጠበም። የሚከፈላቸው በምልልስ ስለሆነ፣ መንገድ ላይ የሚባክን ሰዓት ከልጆቻቸው አፍ እንደሚነጠቅ አድርገው ነው ያዩት። አልተሳሳቱም።

ቁጥሩ የተነገረ ዕለት በማቆሚያው ግቢ ቆመው ጠበቁት። እኔም ለሌላ ጉዳይ ሄጄ አጥሩ ጥግ ቆሜ ነበር። መጀመሪያ የተናገረው አንድ ወፍራም ሹፌር ነው።

«ኃላፊ፣ ትናንት መንገድ ላይ አህያ ቀደመችኝ። ሰላም በልልኝ ብላሃለች።»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሌላው ተቀበለ፦ «እኔ ደግሞ በመስታወቱ ከኋላዬ የተሰለፈውን መኪና ሁሉ ሳይ፣ የማን ቀብር ነው ብዬ ባርኔጣዬን አወለቅኩ።»

የሚስቴ ወንድም ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። «ጨረሳችሁ? ባርኔጣህን መልስ። ፀሐይ ነው፣ ያለችህንም ትንሽ አንጎል ያተንብሃል።»

ያኔ ከመሃላቸው ልጁ ወጣ። ረጅም ነው፣ አባቱን ቁርጥ። ሌላ ጊዜ «አባዬ» የሚለውን ሰው የጠራበትን ስም አልረሳውም።

«ኃላፊ፣ አንተ መንዳት ስለተከለከልክ ነው እኛ እንድንድህ የፈለግከው። አንተ ላይ የተዘጋውን በር እኛ ላይ ቆለፍከው።»

እንዲህ ያለ ነገር ከሌላ ሰው ቢመጣ ስድብ ነው፤ ከልጅ ሲመጣ ግን ምን እንደሚባል አላውቅም። አባትየው ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ከዚያ ለሁሉም እንደሚናገር ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሰባ አምስት» አለና ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሚስቴ እያለቀሰች፣ እኔ ደግሞ ዝም ብዬ እያየሁ አሳለፍነው። ልጁና ሚስቱ የሚኖሩት በአባትየው ግቢ፣ በኋላ በኩል ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው። ግቢው አንድ፣ ውሃው አንድ፣ በሩ አንድ። ልጁ ከጉዞ ሲመለስ አባቱ በረንዳ ላይ ከተቀመጠ ውጭ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አባትየው ይህን ስላወቀ ሆን ብሎ እስኪመሽ አይነሣም። እናትየው ለአንዱ ሾርባ ታወጣለች፣ ለሌላው ሸፍና ታስቀምጣለች። አንድ ቀን «እናንተ ሰዎች፣ እኔ ምግብ ቤት ከፍቻለሁ እንዴ? ሒሳብ ክፈሉኝ!» ብላ ጮኸች። ማንም አልሳቀላትም። ሻይ ቤት ደግሞ የሚስቴ ወንድም ሲገባ ሹፌሮቹ ብርጭቋቸውን ይዘው ይነሣሉ። እሱም ከነሙቀቱ የተተወው ወንበር ላይ ይቀመጥና ጋዜጣ ያነባል። ጋዜጣውን ቢገለብጡት ልዩነቱን አያይም ነበር፤ ዓይኑ ፊደል መለየት ካቆመ ቆይቷል።

የሚጠሉት ሰው ትክክል ሲሆን ማየት ከባድ ነገር ነው፤ ይህን ለራሴም እላለሁ። ወሩ ሲያልቅ ባለቤቶቹ በደስታ ጠሩት። ነዳጁ ቀንሷል። መቀነስ ብቻ ሳይሆን እሱ ለክቶ ከነገራቸው በላይ ቀንሷል። መኪኖቹም ያሰቡትን ያህል አልዘገዩም። ጨበጡት፣ ትከሻውን መቱት፣ ሌላ ድርጅት እንዳይወስድህ ብለው ቀለዱበት።

ሌላ ሰው ቢሆን ደረቱን ነፍቶ ይሄድ ነበር። እሱ ግን ፊቱ ጠቁሮ ቤቴ መጣ።

«ልክ አይደለም፣ ጋሼ።»

«ምኑ?»

«መቀነሱ። እኔ ራሴ ለክቻለሁ። ያን ያህል ሊቀንስ አይችልም። በሰባ አምስት እየሄዱ በሰዓቱ ሊደርሱም አይችሉም። አንድ ነገር አለ።»

«የፈለግከው ሆነልህ፣ ምን አስጨነቀህ?»

«ከፈለግኩት በላይ ሆነ» አለ። እኔም መጽሐፍ ያዞረኝ ሰውዬ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አከበርኩት። ብዙም አልቆየልኝም።

መልሱን ያገኘው በማግስቱ መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ነው። የመጋዘኑ ኃላፊ፣ አፏ እንደ ምላጭ የሆነች ሴት፣ ሲገባ አይታ ቀና ሳትል ጥግ ያለውን ክምር በእግሯ ገፋችለት። የፍሬን ሸራዎች ነበሩ። ከየመኪናው የተነቀሉ፣ እስከ ብረቱ የተበሉ፣ አንዳንዶቹ እንደ ከሰል ጠቁረው የተሰነጣጠቁ።

«ሰባ አምስት አልክ አሉ» አለችው። «እኔስ መኪኖቹ የሚሄዱ ሳይሆን የሚቆሙ ብቻ መስሎኝ ነበር። ፍሬን ሸራ አልቆብኛል። ልጓምህን ስጠኝና እሱን ልግጠምላቸው።»

አንዱን አንሥቶ አሸተተው። ያኔ ገባው። መገደቢያው የሚይዘው ሞተሩን ነው፤ ነዳጅ ይከለክላል። ቁልቁለት ግን ነዳጅ አይለምንም። ከሐይቁ ድልድይ ማዶ ረጅሙ ቁልቁለት አለ። ሹፌሮቹ ቀጥታው ላይ በሰባ አምስት እያዘገሙ ይመጡና፣ አናቱ ላይ ሲደርሱ ማርሹን ነቅለው ፍሪ ያደርጉታል። ሞተሩ ከጎማው ይለያል፤ ከዚያ ወዲያ ያን ሁሉ ጭነት የሚነዳው ክብደቱ ነው። መቶን ያልፋል፣ መቶ አሥርን ያልፋል። የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ነው። ነዳጁ የቀነሰው፣ ሰዓቱም የተካካሰው በዚህ ነበር። ሐይቁ ድልድይ ላይ ደርሶ የተመለሰው የእሱ ሙከራ ቁልቁለቱን አላየውም። እሱ ራሱ በወጣትነቱ እዚያው ቁልቁለት ላይ ፍሪ የለቀቀ ሰው ነው፤ ይህን ሚስቴ ታውቃለች፣ እናታቸው ስትረግመው ሰምታለች። ግን ጠረጴዛ ሰውን ይለውጣል። ወንበር ላይ ሲቀመጥ ቁልቁለቱን ረሳው።

ያን ዕለት እኔ ነኝ የለመንኩት። «ከፍ አድርገው። ሰማንያ አምስት በላቸው፣ ሰዓታቸውን ቀጥታው ላይ ያግኙት፣ ቁልቁለቱን ይተዉታል። ልጅህም ከእነሱ አንዱ ነው።»

«ተሸነፈ ሊሉኝ?»

«ማን?»

ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ከጓሮ ባሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ ያለው ነው። «መጀመሪያ በዓይኔ ልየው» አለና ተነሣ።

ያየው በዓይኑ ነው ማለት ባይቻልም፣ ሄደ። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ልጁ ጭኖ ሊወጣ ሲል የጋቢናውን በር ከፍቶ ጎኑ ወጣ። የሆነውን ከሁለቱም ለየብቻ ሰምቻለሁ፤ በብዙው ይጣላሉ፣ ስለተባባሉት ቃል ግን ይስማማሉ።

«ምን ፈልገህ ነው፣ ኃላፊ?»

«ልይህ።»

«ታያለህ እንዴ?»

«እሰማለሁ። ንዳ።»

እስከ ሐይቁ ድልድይ ድረስ ሞተሩ በሰባ አምስት ያጓራል፣ አውቶቡሶች ጥሩምባ እየነፉ ያልፏቸዋል። አንዱ ተሳፋሪ በመስኮት እጁን አውጥቶ «ግፉት!» ብሎ ጮኸ። ልጁ በዚህ ሳቀ። አባትየው አልሳቀም። ቁልቁለቱ አናት ላይ ሲደርሱ ልጁ ፍሪሲዮኑን ረገጠ፣ ማርሹን ነቀለ፣ እግሩንም አነሣ። የሞተሩ ጩኸት ወደቀ፤ የጎማውና የንፋሱ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ይኸው» አለ ልጁ። «ለዚህ አይደል የመጣኸው? የአንተ ሰባ አምስት ይኸው።»

አባትየው ዝም።

«ይሄኔ ማነው የያዘኝ? ልጓምህ የታለ? ይናገር እስቲ!»

ዝም። ቆጣሪው መቶ ላይ ደረሰ። ልጁ ፍሬን ነካ፣ ለቀቀ፣ ነካ። ተሳቢው ከኋላ መወዝወዝ ጀመረ።

«ሰማንያ በል» አለ ልጁ። «አንድ ቃል ነው። ሰማንያ በልና ማርሽ አስገባለሁ። ለሁላችንም ነው የምጠይቅህ። በል!»

አባትየው ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፊት ለፊት ያያል። ልጁ እንደነገረኝ፣ ያን ጊዜ ከቁልቁለቱ ይልቅ ያ ፊት ነው ያስፈራው። እንደ ግድግዳ ነው ያለኝ። «ልሞት ነው፣ እሱ ግን ነጥብ ይቆጥርብኛል ብዬ አሰብኩ፣ ጋሼ።» ከዚያ የተቃጠለ ሸራ ሸተተ። ፍሬኑ ሲረገጥ ይሰምጣል እንጂ አይይዝም። ልጁ መሪውን በሁለት እጁ አንቆ ያዘ። ከታች ያለውን መታጠፊያ የጎን ጎማዎቹ ጠጠር እየረጩ አለፉት። ከመታጠፊያው ማዶ መንገዱ እንደገና ወደ ላይ ይወጣል። ዳገቱ ተቀበላቸው። መኪናው ዳገቱ ወገብ ላይ ደክሞት ቀስ አለ፣ ቆመ፣ ልጁ የእጅ ፍሬኑን ጎተተ። ከጎማዎቹ ስር ጭስ ይወጣል።

አባትየው በሩን ከፈተ። ወርዶ ጎማው ስር ድንጋይ ሸጎጠ፤ ልማድ ነው። ከዚያ በመጣ መኪና ተሳፍሮ ተመለሰ። ልጁን አንድም ጊዜ ዞሮ አላየውም።

በማግስቱ ጠዋት ያደረገውን ሁሉም ሰው ያወራዋል፤ ግን ሁለቱን ነገር ለያይተው ያወሩታል። እኔ እዚያ ነበርኩ፤ በአንድ ትንፋሽ ነው የሆነው። መካኒኩን ጠርቶ ማኅተሞቹን እንዲቆርጥና መገደቢያውን ሁሉ ሰማንያ አምስት ላይ እንዲያደርገው አዘዘ። ሹፌሮቹ ተያዩ። ወፍራሙ ሹፌር አፉን ከፍቶ ቀረ። የሚስቴ ወንድም ቀጠለ፦

«ሰዓታችሁን ቀጥታው ላይ አግኙት። ቁልቁለት ላይ ማርሽ የነቀለ ሹፌር ግን እዚህ ግቢ አይገባም። ከዛሬ ጀምሮ አይደለም፣ ከትናንት ጀምሮ ነው።» ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። «አንተ፣ መኪናውን ለሌላ ሰው አስረክብ።»

«ሁሉም ያደርገዋል!» አለ ልጁ። ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጠነ። «ጠይቃቸው! እዚህ ከቆሙት ያላደረገው ማነው?»

«እኔ ያየሁት አንተን ነው።»

ልጁ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። ግቢውን በሳቅ ያናጉት ሰዎች፣ ሻይ ቤት ብርጭቋቸውን ይዘው የተነሡት ሰዎች፣ እሱን ፊት አስቀድመው የተሰለፉት ሰዎች። አንዱ ጫማውን አየ። አንዱ ሲጋራ ፈለገ። ሰማንያ አምስት አግኝተዋል፤ ከዚያ በላይ ጠብ አላስፈለጋቸውም። መኪናውን የተረከበው ባርኔጣ ስለማውለቅ የቀለደው ሰው ነው። ሲረከብ «አይዞህ ወንድሜ» አለው፤ ወንበሩንም ወዲያው ለራሱ ቁመት አስተካከለ።

ልጁ በዚያው ሳምንት ሚስቱን ይዞ ከጓሮው ክፍሎች ወጣ። አሁን የከተማ ውሃ ማመላለሻ መኪና ይነዳል፤ ሠፈር ለሠፈር፣ በሁለተኛ ማርሽ። እናትየው ድስቷን ይዛ በአውቶቡስ ትሄዳለች። ሚስቴ አስታርቃቸው እያለች ዓመት ጨቀጨቀችኝ። እኔ ለዕርቅ የተፈጠርኩ ሰው አይደለሁም፤ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሁለቱም ትክክል የሆኑበትን ቦታ እፈልግና ሁለቱንም አናድዳለሁ። የሆነ ሆኖ ሄድኩ።

አባትየውን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። «በማግስቱ ያደረግከውን ነገር ያኔ ጋቢና ውስጥ ብትለው ምን ነበረበት? አንድ ቃል ነው። ልጁ ሊሞት ነበር እኮ፣ አንተም።»

እጆቹን ወደ ፊት ዘረጋ፣ መሪ እንደያዘ ሰው።

«መቶ ካለፈ በኋላ፣ ጋሼ፣ ማርሽ አይገባም። ጥርሱ አይቀበልም። ሰማንያ ብለው፣ ቃሉን ሊጠብቅ አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ ማርሹ ላይ ያደርግ ነበር። ሲያንገጫግጭ ዓይኑን ወደ ታች ይጥላል። መታጠፊያው ደግሞ ደርሶ ነበር። ሁለት እጁ መሪው ላይ እንዲቆይ ያለኝ ነገር ዝም ማለት ብቻ ነው። ይጥላኝ፣ ግን መሪውን ይያዝ አልኩ።»

«ይህን ለምን አትነግረውም?»

«ሹፌር ከሆነ ያውቀዋል።»

ለልጁ ሄጄ ነገርኩት። የውሃ መኪናውን ቧንቧ እየጠቀለለ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሊላላ ሲል አየሁና ተስፋ አደረግኩ። ከዚያ ቧንቧውን ወርውሮ ሳቀ።

«አሁን ነው የፈጠራት። እልህ ነው፣ ጋሼ፣ ሌላ ምንም አይደለም። ማርሹ ይገባልኝ ነበር። ገብቶልኝም ያውቃል። ንገረው፣ ይገባልኝ ነበር በለው።»

ተመልሼ ለአባቱ ነገርኩት። በረንዳው ላይ ነበር። ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ጠየቀኝ።

«እንዲህ አለ?»

«እንዲህ አለ።»

«እንኳንም አባረርኩት።»